ትምህርት ቤቱ የማን ነው? የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አጀማመር በኬንያ

እዚህ ካምፕ ውስጥ የምናስተምርበት መጽሐፍ የኬንያ ነው፤ ተማሪዎቻችንም የሚፈተኑት የኬንያን ፈተና ነው። ታዲያ የዚህ አገር ትምህርት ከየት ተነሳ ብንል መልሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ይወስደናል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጅምሩ ከአገራችን ጋር ይነካካል። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ አስቀድሞ የሠራው በትግራይና በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ነበር። ከሸዋ ወጥቶ መመለስ ሲያቅተው በ1844 ሞምባሳ ደረሰ፤ በ1846ም ከባልደረባው ሬብማን ጋር ራባይ ላይ የሚስዮን ጣቢያ ከፈተ። ለብዙ ዓመታት ግን ሥራው ከባሕር ዳርቻው ብዙም አልራቀም።

ነገሩን የለወጠው ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ ሚስዮኖቹም ወደ መሐል አገር ጎረፉ። ኩዌከሮች በ1902 ካይሞሲ ገቡ፤ አንግሊካኖች በ1906 ማሴኖን ከፈቱ። በ1926 የፕሮቴስታንት ሚስዮኖች ተባብረው አሊያንስ ሁለተኛ ደረጃን ኪኩዩ ላይ አቋቋሙ። በ1963 ነጻነት ሲመጣ ከሚኒስትሮቹ ብዙዎቹ የአሊያንስ ልጆች ነበሩ።

በየገጠሩ ያስተማሩት ግን በአብዛኛው ነጮቹ አልነበሩም። ትንሽ ቀድሞ ያነበበው አፍሪካዊ ገና ያላነበበውን ያስተምር ነበር። ዲግሪ ሳንጨርስ ጠመኔ የያዝን መምህራን ይህን ስንሰማ ራሳችንን እናያለን።

በ1929 ትልቅ ጠብ ተነሳ። በኪኩዩ አገር አንዳንድ ሚስዮኖች የሴት ልጅ ግርዛትን ያልተወ አባል አይሆንም፣ አያስተምርም አሉ። ግርዛቱ ጎጂ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ሕዝቡ ግን ያኔ የታየው ትእዛዙ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ ተወስዷል፣ እንግሊዝኛም ቶሎ አይሰጠውም። ብዙዎች ክርስትናቸውን ሳይተዉ ወጥተው በራሳቸው መዋጮ ነጻ ትምህርት ቤቶችን ሠሩ። በ1939 ምቢዩ ኮይናንጌ ጊቱንጉሪ ላይ የመምህራን ኮሌጅ ከፈተ። ያ ሁሉ ድካም ግን በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ተዘጋ። ሕዝብ የሠራውን መንግሥት በአንድ ትእዛዝ ዘጋው ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ የ1968ቱ የትምህርት አዋጅ አብያተ ክርስቲያናትን «ስፖንሰር» አደረጋቸው፤ አስተዳደሩን መንግሥት ያዘ። በ2003 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነጻ ሲሆን የመንግሥት ክፍሎች ተጨናነቁ፤ አቅም ያላቸው ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤቶች ወሰዱ። ከእነዚህም ብዙዎቹን የከፈቱት አብያተ ክርስቲያናትና ምእመናን ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንያዝ? ትምህርት ቤትን ውጭ ሰው ሊጀምረው ይችላል፤ የሚያቆየው ግን ወላጅና መምህር ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም፤ ሕጋዊ እውቅናም ያስፈልጋል። የእኛም ክፍሎች በእርዳታ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ሲጠራ አንቅር፤ የተማሪውን መዝገብና የፈተና ውጤት በሥርዓቱ እንያዝ። እርዳታው ቢቀንስ እንኳ ልጁ ይዞት የሚሄደው ያንን ወረቀትና የተማረውን ነው።