«ባትሪው ሞተ» ከማለታችሁ በፊት

ገጠር ያሉ አያቶች ቤት የሶላር መብራት ሌሊቱን ሲያበራ ይከርምና አንድ ቀን እራት ሳይቀርብ ድርግም ይላል። የቤተሰቡ ፍርድ ወዲያው ነው፦ «ባትሪው ሞተ!» አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት ግን የሚከተሉትን ተመልከቱ።

መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያለውን ፓኔል እዩ። አቧራ ከለበሰ ወይም ዛፍ ካጠላበት ባትሪው በደንብ አይሞላም። ቀጥሎ ገመዱ ባትሪው ላይ የታሰረበትን ቦታ ፈትሹ። ከላላ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት ከያዘ ኤሌክትሪኩ እንደልብ አያልፍም። ስታጠብቁ መፍቻው ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። የተቃጠለ ፊውዝም በልኩ ይተካ እንጂ በሽቦ አይቀጠል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ባትሪውን አስለኩ። ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። በሌላ ቻርጀር በደንብ ተሞልቶም ከዚህ ከፍ ካላለ፣ ያኔ በእርግጥ አርጅቷል። ምትኩ የመኪና ማስነሻ ባትሪ አይሁን፤ እሱ ሞተር ለማስነሳት እንጂ በየምሽቱ እስኪያልቅ ለማብራት አልተሠራም።

ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ከምድጃና ከኩራዝ ርቆ፣ አየር በሚገባበትና የልጆች እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አሲዱ የልጅ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለበዓል አያቶችን ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ፓኔሉን ጥረጉላቸው፤ ማሰሪያውንም አጥብቁላቸው። ብቻቸውን ለሚያመሹ አዛውንት ይህች ትንሽ ሥራ የምሽት ብርሃን ናት።