በሰከንድ አራት ጠብታ

ቨርጂኒያ ውስጥ የሌሊት ካሸር ሆኜ በሠራሁበት ማደያ፣ ከሲጋራው መደርደሪያ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ነጭ ሣጥን ነበረች። ከመሬት በታች በተቀበሩት ታንኮች ውስጥ ያለውን ነዳጅ የምትለካው እሷ ናት። አንዳንድ ሌሊት ትጮኻለች፤ እንደ ደረሰኝ ያለ ቀጭን ወረቀትም ታወጣለች። ሥራ ያስለመደኝ ልጅ ያሳየኝ ድምፁን የሚያጠፋውን ቁልፍ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ግን የወሎ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አንብበው፤ ድምፁ የትም አይሄድም» አሉኝ። ወረቀቱን ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ቁጥር ነው።

0.2 ይላል። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ የታንክ መቆጣጠሪያ መሣሪያ በየወሩ በሚያደርገው ምርመራ በሰዓት 0.2 ጋሎን የሚያፈስ ታንክን ለይቶ ማወቅ አለበት። ከ100 ፍሳሽ ቢያንስ 95ቱን መያዝ ይጠበቅበታል። 0.2 ጋሎን ሦስት ሩብ ሊትር ነው። ወደ ጠብታ ስመነዝረው በሰከንድ አራት ጠብታ ገደማ ሆነብኝ፤ ላስቲኩ ያረጀ የግቢ ቧንቧ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ እንደሚሰማው ማለት ነው። በዚያው ፍጥነት 30 ቀን ቢቆይ 545 ሊትር ይወጣል፤ ከሁለት በርሜል ተኩል በላይ። ከዚህ በቀጠነ መጠን የሚያንጠባጥብ ታንክ ደግሞ በወርሃዊው ምርመራ ላይገኝ ይችላል።

545 ሊትር ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ከአንድ ጋሎን መጀመር ይሻላል። አንድ ጋሎን ቤንዚን 2.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በውስጡ ቤንዝን የሚባል፣ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚያምታታ፣ ካንሰር የሚያስከትል ኬሚካል አለ። ድርሻው ከመቶ 0.6 ነው ብንል፣ በአንዷ ጋሎን ውስጥ ወደ 17 ግራም ይገኛል፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትሰፍሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የአሜሪካ የመጠጥ ውኃ ሕግ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 5 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ክፋይ አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አካፍሉት። ያቺ አንዲት ጋሎን ሙሉ በሙሉ ከውኃ ጋር ብትቀላቀል ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውኃ እስከዚያ ወሰን ድረስ ትበክላለች። ትልቁ የኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳ የሚይዘው 2.5 ሚሊዮን ሊትር ነው። ይህን ስሌት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ስህተት ያለበት መስሎኝ ነበር።

ከአሜሪካ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ ነው።

ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1984 የአደገኛ ቆሻሻውን ሕግ ሲያሻሽል የተቀበሩ ታንኮችን የሚመለከት ክፍል የጨመረበት ለዚህ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ታንክ በየመንገዱ ዳር ተቀብሮ ነበር፤ አብዛኛው መከላከያ ያልተደረገለት ብረት፣ ዝገት የሚበላው። ዝርዝር ደንቡ በ1988 ወጣና ባለንብረቶች አሮጌውን እንዲያድሱ ወይም ነቅለው እንዲያወጡ እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1998 ተሰጣቸው። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ታንኮች ተዘግተዋል። ዛሬም ግን ከ500,000 በላይ በሥራ ላይ አሉ። ማፍሰሳቸው የተረጋገጠባቸው ቦታዎች ከ560,000 በልጠዋል፤ ለእነዚያ አርባ ለሚጠጉ ዓመታት ቢካፈል በየቀኑ አርባ ገደማ ይደርሳል። ከ500,000 በላይ የሚሆኑት ጸድተዋል፤ ከ50,000 በላይ የሚሆኑት ገና ይጠብቃሉ። የሳንታ ሞኒካ ከተማ በ1996 ከነዳጅ ጋር በሚቀላቀል ኬሚካል የተነሳ ጉድጓዶቿን ዘግታ የመጠጥ ውኃዋን ግማሽ ያህል አጥታለች። ለጽዳቱ የሚሆን ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ይሰበሰባል፤ በጋሎን የአንድ ሳንቲም አሥረኛ። አሥር ጋሎን የቀዳ ሰው አንድ ሳንቲም ከፈለ ማለት ነው፤ ከመላው አገር ሲጠራቀም ግን በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል።

ጋሼ ሣጥኗን ብቻ አያምኑም። ጠዋት ጠዋት ረጅም ዘንግ ይዘው ይወጣሉ፣ ክዳኑን ያነሳሉ፣ ዘንጉን ቀስ አድርገው እስከ ታንኩ ወለል ያወርዳሉ። ሲያወጡት የረጠበበትን መስመር ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያነባሉ። በዘንግ የሚለካ ሰው እስከ አንድ ስምንተኛ ኢንች ድረስ እንዲያነብ ደንቡ ያዛል። ይህ 3 ሚሊሜትር ነው፤ የሁለት ሳንቲም ውፍረት። 8 ጫማ ስፋት ያለው የ10,000 ጋሎን ታንክ ግማሹ ሲሞላ፣ ያቺ 3 ሚሊሜትር ከ60 ሊትር በላይ ነዳጅ ናት፤ አንዲት የቤት መኪና ጢም ብላ ከሞላች በኋላ የሚተርፍ። ብርድ ላይ ቆሞ የሚጣደፍ ሰው ዓይኑ በአንድ መስመር ቢስት የሚጠፋው ይህን ያህል ነው።

የፌዴራሉ ደንብ በ2015 እንደገና ተሻሻለ፤ የራሳቸውን ፕሮግራም የሚያስተዳድሩ ስቴቶችም ደንባቸውን ከአዲሱ ጋር አስማምተው እንዲያቀርቡ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2018 ሦስት ዓመት ተሰጣቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው ለውጥ በጣም ትንሽ የሚመስለውን ነው። ቦቴ አራግፎ ቱቦው ሲነቀል የሚንጠባጠበውን የሚይዝ ባልዲ በታንኩ አፍ ዙሪያ ተቀብሯል። አዲሱ ደንብ ይህ ባልዲ ቦቴ አዘውትሮ የሚመጣ ከሆነ በየ30 ቀኑ እንዲታይ፣ በየሦስት ዓመቱም አለመሰንጠቁ እንዲፈተሽ አዘዘ። እንደኔ ያለው ካሸርም በሕግ ስም አለው፤ ክላስ ሲ ኦፕሬተር ይባላል፤ ማንቂያው ሲጮኽ ምን ማድረግ እንዳለበት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት መሠልጠን አለበት። በዋሽንግተን ዙሪያ ማታ ማታ ከመስታወቱ ኋላ የሚቆመው ስንቱ የአገራችን ልጅ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሥልጠናውን እንደ ወረቀት ሥራ ቆጥሮ ፈርሞ ማለፍ ልቤን ያመኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ የዚያ ሰፈር ውኃ ጠባቂ እሱ ነው።

አንድ የክረምት ጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ስወጣ ጋሼ ባልዲው ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሳሉ ደረስኩ። የቀለጠ በረዶ ገብቶበት ሁለት ጣት ያህል ፈሳሽ አቁሯል፤ ላዩ ላይ የቤንዚን ቀለማት ይዋኛሉ። ሣሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ጋሼ ዕቃ እንዳመጣ ላኩኝ፤ በኩባያ እየቀዳን ክዳን ባለው መያዣ ውስጥ ገለበጥነው፣ በላዩ ላይ ምን እንደሆነና ቀኑን ጻፍንበት፣ አደገኛ ቆሻሻ የመውሰድ ፈቃድ ያለው መኪና እስኪመጣ ከኋላ ክፍል ተቀመጠ። ከዚያ የባልዲውን ወለል በጨርቅ አደረቁና የእጅ ባትሪዬን ተውሰው ስንጥቅ እንዳለ ዙሪያውን በጣታቸው እየዳሰሱ ፈለጉ።