የዳንግላው ቆንስላና የማንቸስተር ጥጥ

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ዳንግላን ሲያልፍ፥ በዚህች የአገው ምድር ከተማ የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦባት እንደ ነበር ላያስብ ይችላል። ሻለቃ ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በዚያ ሆኖ ጣናን ዞረ፤ የዓባይንም ሸለቆ ተከትሎ ካርታ አነሣ። ከባሕር ወደብና ከባቡር ሐዲድ በራቀ ደጋ ላይ ለንደን ቆንስል ማኖሯ ስለ ምን ይሆን?

መልሱን ስንፈልግ ማንቸስተር እንደርሳለን። የዚያ አገር የፈትልና የሽመና ባለፋብሪካዎች ጥጣቸው ከአሜሪካ ስለሚመጣ፥ ዋጋው በወጣ ቁጥር ይጨነቁ ነበር። በ1902 ማኅበር አቁመው በእንግሊዝ ግዛቶች ጥጥ እንዲዘራ መንግሥታቸውን ይወተውቱ ጀመር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አፄ ምኒልክ በፈረሙት ውል ደግሞ፥ እንግሊዝና ሱዳን ሳይስማሙ በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገብቶበታል።

ውትወታው ፍሬ አፈራ። በ1913 የለንደን ፓርላማ ለሱዳን ልማት የ3 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ዋስ ሆነ። በጀዚራ የጥጡን እርሻ ያካሄደው ግን የሱዳን ፕላንቴሽንስ ሲንዲኬት የተባለ የግል ኩባንያ ነው። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የአስኲዝ ልጅ አርተር፥ አባቱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ የዚሁ ኩባንያ ዲሬክተር ሆነ። ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሆኖም መንግሥትና ኩባንያ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ ማን ማንን እንደሚያጎርስ መለየት ያስቸግራል።

የሰናር ግድብ በ1925 ተፈጸመ። ጥጡ ግን በበጋ ይጠማል፤ ለበጋ የሚሆን ውሃ የሚጠራቀምበት ደግሞ ጣና ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ይኸውም ኢጣልያ የጣናን ግድብ እንድትደግፍ፥ እንግሊዝም በፈንታዋ ኢጣልያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ለምታስበው የባቡር ሐዲድ ድጋፍ እንድትሰጥ ነው። ባለሐይቁን የጠየቀ አልነበረም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ፤ ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ለማስተባበል ተገደዱ። በ1927ም ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተልከው ከጄ. ጂ. ዋይት የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ። ብልሃቱን እናደንቃለን፤ የማንቸስተር ባለገንዘብ ለሚመኘው ውሃ የኒው ዮርክ ባለገንዘብ ተጠራበት። ግድቡ ሳይሠራ የ1935ቱ ወረራ ደረሰ።

ዛሬ የጣና ውሃ በዋሻ አልፎ፥ በ2010 በተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተርባይን ካዞረ በኋላ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያም በአዊ ዞን በጃዊ ወረዳ ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል።