የአሮጌ ጨዋታዎች ጊዜ በአዲስ ማሽን ላይ፦ የፍጥነት መዛባት መንስኤና መፍትሔ



«የኮምፒውተር ጨዋታ ለዩኒቨርሲቲ ንግግር የሚበቃ ርእስ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። በሒሳብ መዝገብ ወይም በደብዳቤ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የጊዜ ስሕተት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል። በጨዋታ ውስጥ ግን በአንድ ሰከንድ ይጋለጣል። ስለዚህ ጨዋታዎች ሶፍትዌር ጊዜን እንዴት እንደሚረዳ ለማጥናት የተመቹ ምስክሮች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በ1990 የወጣውን «ዊንግ ኮማንደር» የተሰኘ የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ከዓመታት በኋላ በተሠራ ፈጣን ኮምፒውተር ላይ ብንከፍተው፣ ገና መሪውን ሳናዞር የጠላት መርከቦች ሽው ብለው ያልፋሉ። ከፕሮግራሙ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ቡና የምታፈላ እናት ልጇን «እስከ ሦስት መቶ ቁጠርና ጀበናውን አውርድ» ብላ አዘዘችው እንበል። ልጁ ረጋ ብሎ ሲቆጥር ቡናው በሚገባ ይፈላል። በማግስቱ ምላሱ የፈጠነው ታላቅ ወንድሙ ተተክቶ በግማሽ ጊዜ ቆጥሮ ይጨርስና ጀበናውን ሳይፈላ ያወርደዋል። ትእዛዙ ያው ነው፤ የተለወጠው ቆጣሪው ነው። ጥፋቱም የታላቁ ልጅ አይደለም፤ ጊዜን በቆጣሪው ጉልበት የለካው የትእዛዙ ነው።

የመጀመሪያው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒውተር በ1981 ሲወጣ የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰሩ በ4.77 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። በርካታ የጨዋታ ጸሐፊዎች ይህን ፍጥነት እንደማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ ቆጠሩት። አንድን እንቅስቃሴ ለማዘግየት ሲፈልጉ ፕሮሰሰሩን በባዶ ዙር ውስጥ ያስቆጥሩት ነበር፤ ወይም ጨርሶ ሳያዘገዩ ማሽኑ በቻለው መጠን እንዲሮጥ ይለቁት ነበር። በ1984 የ80286 ፕሮሰሰር ያለው ሞዴል ሲመጣ ልዩነቱ ወዲያው ታየ። አዲሱ ፕሮሰሰር በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራም ስለበዛ፣ ፍጥነቱ ያደገው የሜጋኸርዙ ቁጥር ከሚያሳየው በላይ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ኮምፒውተሮች ፊት ላይ የነበረው «ቱርቦ» የተባለው ቁልፍም የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ስሙ ማፍጠንን ቢያመለክትም፣ ዋና ጥቅሙ ማሽኑን ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል ማዝገም ነበር።

ለመሆኑ በማሽኑ ውስጥ እውነተኛ ሰዓት አልነበረምን? ነበረ። ከፕሮሰሰሩ ተለይቶ የሚቆጥር ቺፕ በሰከንድ 18.2 ጊዜ ያህል ምት ይሰጥ ነበር፤ ፕሮግራም አድራጊው ከፈለገም ምቱን ማፋጠን ይችል ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የተመሩ ጨዋታዎች ዘመን ተሻግረዋል። በ1993 የወጣው «ዱም» የጨዋታውን ሕይወት በሰከንድ በ35 ምት ስለወሰነው፣ ፈጣን ማሽን ምስሉን ቢያሳምረውም ጭራቆቹን አያፈጥናቸውም።

ግማሽ መፍትሔ የሚያስከትለውን አደጋ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። የቱርቦ ፓስካል ቋንቋ አዘጋጆች ችግሩን ተረድተው፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ የማሽኑን ፍጥነት እንዲለካ አደረጉ። በአንድ የሰዓት ምት፣ ማለትም በ55 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ስንት ባዶ ዙር እንደሚቆጠር ተመዝግቦ ውጤቱ ለ55 ይካፈላል። ድርሻው የሚቀመጥበት የ16 ቢት ቦታ ግን ከ65,535 በላይ አይችልም። 200 ሜጋኸርዝ ገደማና ከዚያ በላይ የሆኑ ፕሮሰሰሮች ሲመጡ ቁጥሩ ከቦታው ተርፎ ፈሰሰ፤ ፕሮግራሞቹም ገና ሲከፈቱ «ስሕተት 200፣ በዜሮ ማካፈል» እያሉ ወደቁ። በዜሮ ያካፈለ ማንም አልነበረም። ፕሮሰሰሩ ለሁለቱም ጥፋቶች የሚያሰማው አንድ ዓይነት ጩኸት ስለሆነ ነው። አዘጋጆቹ ፍጥነት እንደሚለያይ አስበው ነበር፤ ምን ያህል ሊለያይ እንደሚችል ግን አልገመቱም።

ሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ ሰዓታቸውን ከማያ ገጹ ጋር አሰሩ። የጃፓንና የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሰከንድ 60፣ አብዛኛው የአውሮፓ ደግሞ 50 ጊዜ ምስሉን ያድስ ስለነበር፣ የ1991ዱ «ሶኒክ» በአውሮፓ ከነሙዚቃው በ17 በመቶ ገደማ ዘግይቶ ይሮጥ ነበር። ችግሩ የጥንት ብቻም አይደለም። በ2011 የወጣው «ስካይሪም» በሰከንድ ከ60 ምስል በላይ ሲያሳይ የዕቃዎቹ እንቅስቃሴ ይታወካል፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳህን ያለ ምክንያት ይዘላል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከምርመራ ነው፤ ጨዋታው ጊዜን የሚቆጥረው በምንድን ነው? በፕሮሰሰሩ ከሆነ፣ እንደ ዶስቦክስ ያለ አሮጌውን ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም ይረዳል። በእርሱ ውስጥ «ሳይክልስ» የሚባለው ቁጥር በአንድ ሚሊሰከንድ የሚፈጸሙትን ትእዛዞች ይወስናል። ቁጥሩን «ከፍተኛ» ከሚለው አውጥቶ በ3,000 ማሰር፣ ከዚያም ኮንትሮልን ይዞ በኤፍ11 መቀነስ፣ በኤፍ12 መጨመር ነው። ለ1981ዱ ማሽን የተጻፈ ጨዋታ ወደ 300 ገደማ ሊወርድ ይችላል። ሰዓቱ ማያ ገጹ ከሆነ፣ ምስሉን በሰከንድ በ60 መገደብ ይበቃል። ማያ ገጹ በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ግን ጨዋታውን ከማያ ገጹ ጋር ማስተባበር ብቻውን አይፈውስም፤ የእድሳቱን መጠን ራሱን ወደ 60 ማውረድ ያስፈልጋል። የፕሮሰሰሩን የውስጥ ቆጣሪ የሚያነቡ የኋለኛው ዘመን ጨዋታዎች ባለ ብዙ ኮር ማሽን ላይ ሲወላገዱ ደግሞ፣ በአንድ ኮር ብቻ እንዲሠሩ መወሰን ብዙ ጊዜ ያረጋጋቸዋል።

ኮዱ በእጃችን ካለ ሥር ነቀሉ ፈውስ ጊዜን መለካት ነው። ካለፈው ምስል ወዲህ ያለፈውን ጊዜ እየለኩ እንቅስቃሴውን በዚያ ማባዛት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ሲረዝምና ሲያጥር ግጭትና ዝላይ በየማሽኑ የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ። ስለዚህ የጨዋታውን ሕግ በቋሚ ምት ማስኬድ፣ ሥዕሉን ግን ማሽኑ በቻለው መጠን ማሳየት ይመረጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የፍጥነት ለውጥ ሁሉ ጉድለት አይደለም። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 በሠሩት «ስፔስ ኢንቬደርስ» ውስጥ 55 ወራሪዎች አሉ። ማሽኑ ደካማ ስለነበር በእያንዳንዱ የማያ ገጽ እድሳት የሚንቀሳቀሰው አንድ ወራሪ ብቻ ነው። ተጫዋቹ እየገደላቸው ሲሄድ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል፤ የመጨረሻው ወራሪም ይከንፋል። የማሽኑ ድካም የጨዋታው ነፍስ ሆነ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ አዲስ ቅጂ የሚሠራ ሰው፣ ያንን መፋጠን ሆን ብሎ መልሶ ካልጻፈው የሚያስረክበን ሌላ ጨዋታ ነው። የጠጋኙ ኃላፊነት ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ «ትክክለኛው ፍጥነት» በኮዱ ብቻ አልተጻፈም፤ ከፊሉ የቀረው በጠፋው ማሽን ውስጥ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ የምትጽፉት ኮድ የሚሠራበት ማሽን ነገ አይኖርም፤ ኮዱ ግን ሊኖር ይችላል። ስለ ጊዜ የገመታችሁትን በግልጽ ጻፉት፤ መለካት የሚቻለውንም አትገምቱ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ማሽናችሁን አያገኘውም፤ የሚያገኘው የጻፋችሁትን ብቻ ነው።