«ወለምታ ነው» ሲባል

የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ እጁን ይዘረጋል፤ ክብደቱ የእጁ አንጓ ላይ ያርፋል። በማግስቱ እጁ ሲያብጥ ራጅ ይነሳል፣ «አጥንትህ ደህና ነው፣ ወለምታ ነው» ይባላል። ወጌሻ ጋ የሄደውም ታሽቶ ይመለሳል። ከ3 ወር በኋላ ግን ጀበና ሲያነሳ እጁ ይከዳዋል።

ራጅ ጅማትን አያሳይም። አማርኛችን ደግሞ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም «ጅማት» ይላል፤ የኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነው። አንጓ ውስጥ 8 ትንንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ ተሰድረዋል። ከነሱ ስካፎይድና ሉኔት የሚባሉትን ያሰረው ጅማት ሲበጠስ አጥንቶቹ ይራራቃሉ። ሳይታከም ከቆየ ከመስመራቸው ወጥተው ይፋተጋሉ፤ ከዓመታት በኋላ መገጣጠሚያው ያልቃል።

ጅማቱ ተበጥሷል ወይ የሚለውን ጥርጣሬ የሚያጠራው መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባ ካሜራ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ኬንጂ ታካጊ በ1918 እ.ኤ.አ. የሬሳ ጉልበት ውስጥ የተመለከተው ለሽንት ፊኛ በተሠራ መሣሪያ ነበር፤ አንጓ ግን ጠባብ ስለሆነ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ተራው በቅጡ አልደረሰውም። ዛሬ ታካሚው ማደንዘዣ ይሰጠውና ክርኑ ታጥፎ፣ ጣቶቹ በመረብ ማጥለቂያ ተይዘው እጁ ወደ ላይ ይሰቀላል። በአንጓው ጀርባ በኩል በጥቂት ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ 2 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ካሜራ ይገባል። የሚጎዳው የስካፎይድና የሉኔት ጅማት ብቻ ስላልሆነ፣ ሐኪሙ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ባለሦስት ማዕዘን ትራስም በቀጭን መንጠቆ ይጫነዋል። ጤነኛው እንደ ተወጠረ የከበሮ ቆዳ መልሶ ይገፋል፤ የተቀደደው ይሰረጉዳል። ጠርዙ ደም ስለሚያገኝ ይሰፋል፤ መሃሉ ደም ስለማይደርሰው ስፌት አይጠቅመውም፣ የተቦጫጨቀው ይከረከማል። የስካፎይድና የሉኔት ጅማት ገና ትኩስ ከሆነ አጥንቶቹ ተገጥመው በቀጭን ሽቦ ይያዛሉ። የቆየው ብዙውን ጊዜ ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ሰው የሚታለለው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዳዳው በ2 ሳምንት ይደርቃል፤ ጅማቱ ግን ገና ጅምር ላይ ነው። ትራሱ የተሰፋለት ከ4 እስከ 6 ሳምንት መዳፉ እንዳይገላበጥ ይታሰራል፤ ሽቦ ያለበት ወደ 2 ወር ይጠብቃል። ጣቶች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ አለባቸው፤ አለዚያ ይደርቃሉ። ፊዚዮቴራፒው አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን እንደ ቀዶ ሕክምናው እቆጥረዋለሁ። ውኃ የጠጣ ልብስ መጭመቅና ጀሪካን ማንሳት ከ3 ወር በፊት አይታሰብም።