ጭነት በሚለዋወጥባት ጀልዴሳ

ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በቆላው የምትገኘው ጀልዴሳ ከዘይላ ወደ ሐረር ለሚወጣው ነጋዴ ዋና ማረፊያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። ከባሕር ጠረፍ የመጣው ግመል ጭነቱን እዚያ ያራግፋል፤ በቅሎና አህያም ተረክበው ወደ ደጋው ያወጡታል። በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር ድሬዳዋ በገባ ጊዜ ግን ንግዱ መንገዱን ለወጠና ጀልዴሳ ጸጥ አለች።

ይህን ማንሣታችን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተማሪዎች ሥዕል እየተላላኩ፥ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየፈጸመ የሚሠሩበት ልማድ ለልጆቻችንም እንዲደርስ ስለምንወድ ነው። የጀልዴሳ ግመል ጭነቱን አራግፎ ባዶውን አልወረደም፤ ቡናና ቆዳ ተጭኖ ተመለሰ እንጂ። ሥዕልም ከሁለት ወገን ካልተጫነ ልውውጥ ሊባል አይገባውም።

የአገራችን የሥዕል ተማሪዎች ጉዞ ለብዙ ዘመን ተምሮ የመመለስ ጉዞ ነበረ። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ግን በለንደንና በፓሪስ ተምረው፥ በዚሁ ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ፥ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኑ። ብራናውንና ክታቡን የሥራው መነሻ ያደረገ እጅ የአሜሪካን ተማሪዎች አስተማረ። (ክታቡን ቤተ ክርስቲያን ባትወደውም ሥዕሉ የደብተሮቻችን እጅ መሆኑ አይካድም።)

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከተማሩት አንዷ ሠዓሊና ገጣሚ ከበደች ተክለአብ ናቸው። በአዲስ አበባ የጀመሩት የሥዕል ትምህርት በስደት ተቋርጦ፥ በሶማሊያ አሥር ዓመት ያህል በእስር ቆይተው ነበር። እርሳቸውና እስክንድር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ «ኔክሰስ» የተባለውን ትልቅ የአሉሚኒየም ቅርጽ አብረው ሠሩ። በውስጡ የክርስቲያኑም፥ የእስላሙም፥ የቤተ እስራኤሉም ምልክት፥ የዜማ መሣሪያና የቤት ዕቃ ጭምር ይታያል።

እንግዲህ ወላጆችን የምንለምነው ልጆቻችን ለባዕድ አገር ጓደኛ ሲሥሉ የፈረንጅ ቤትና በረዶ የለበሰ ዛፍ እንዲሥሉ እንዳናርማቸው ነው። በረዶውን ያ ጓደኛ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የጀልዴሳ ልጅ ግመሉንና ግራሩን በወረቀቱ እኩሌታ ላይ ይሣል፤ የቀረውን እኩሌታ ባዶ ትቶ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ይላከው። ያኛው ልጅ ምን እንደሚጨምርበት መልሱ እስኪመጣ ድረስ ላኪው አያውቅም።