አቶምን የሰነጠቀው የአገልጋይ ልጅ

ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ፊዚክስ ነው የማጠናው» ሲለን ብዙዎቻችን ሁለት ነገር ያሳስበናል፤ እንጀራው ከየት ይመጣል? እምነቱስ እንዴት ይሆናል? የኧርነስት ዋልተን ሕይወት በሁለቱም ላይ የሚነግረን ነገር አለው።

ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1903 አየርላንድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በ1927 ለምርምር ወደ ካምብሪጅ ሄዶ በታዋቂው ራዘርፎርድ ሥር መሥራት ጀመረ።

የዘመኑ ትልቅ ጥያቄ የአቶምን እምብርት ሰው በሠራው መሣሪያ መስበር ይቻላል ወይ የሚል ነበር። መጋላ ውስጥ የድሮ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የጠገነ ሰው የነገሩን መነሻ ያውቀዋል። በውስጡ ያለው 20 ሺህ ቮልት ገደማ ኤሌክትሮኖችን ገፍቶ ከስክሪኑ ጋር ያጋጫቸዋል። ዋልተንና ባልደረባው ጆን ኮክክሮፍት ግን የሚያስፈልጋቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነበር። አየር ወደ መስታወት ቱቦዎቹ እንዳይገባ መጋጠሚያውን የሚደፍኑት፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ነበር!

ሚያዝያ 6 ቀን 1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1932) ዋልተን ከመሣሪያው ሥር ወዳለችው ጠባብ ሣጥን በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ገባ። በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ስክሪኑ ላይ ብልጭታዎች ታዩት። ፕሮቶኖቹ የሊቲየምን እምብርት መትተው ለሁለት የሂሊየም እምብርት ከፍለውት ነበር። ለዚህም ሁለቱ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እርሱ ግን በ1934 ካምብሪጅን ትቶ ወደ ደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመልሶ ነበር። በዚያም የምርምር ገንዘቡ ጥቂት፣ የማስተማር ሸክሙ ብዙ ሆኖበት 40 ዓመት ያህል አስተማረ። መክሊቱን ቀበረ የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ አይመስለኝም። በ1995 እስኪሞት ድረስም ከሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አልተለየም።

ወደ እንጀራው ጥያቄ እንመለስ። ዋልተን ቀደም ሲል ሞክሮ ያልተሳካለት አንድ ሐሳብ ነበር፤ ቅንጣትን በአንድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሳይሆን በተደጋጋሚ ግፊት ማፍጠን። ዛሬ ካንሰር በጨረር የሚታከምበት ሊኒየር አክስለሬተር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር የድሬዳዋ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ይሆንበት ነበር። ማሽኑ ቢገዛም ብቻውን አያክምም። ጨረሩ ዕጢውን እንዲመታ፣ ጤናማውን አካል ግን በተቻለ መጠን እንዳይጎዳ መጠኑን የሚለካና የሚያሰላ ሰው ከሐኪሙ ጎን መኖር አለበት፤ ይህም ሰው ፊዚክስ የተማረ ባለሙያ ነው።